አጥቦ ጭቃ፦ በአመድና በኮልጌት የሚረክሰው ጠገራ ብር

መካነ ኢየሱስ ውስጥም ሆነ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ገጠሮች፣ ከሣጥን ሥር ወይም ከሙዳይ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር ያለበት ቤት ዛሬም አይጠፋም። አንዱ ለጥሎሽ የመጣ ነው፤ አንዱ የበሬ መሸጫ ነው፤ አንዱ ደግሞ አያት "ለክፉ ቀን" ብለው ቀብረውት የልጅ ልጅ የቤት መሠረት ሲቆፍር ያገኘው ነው። ብዙውን ጊዜ ጠቁሯል። ጠርዙ ቡናማ፣ ፊቱ ግራጫ፣ አንዳንዱም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኗል። የተፈራው ክፉ ቀን መጥቶ ቤተሰቡ ሊሸጠው ሲነሳ፣ ገዢ ከመፈለጉና ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ማንም ሳያዘው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ያጥበዋል።

ማጠብ ሲባል ነገሩ ይቀላል። ይፈገፍገዋል። ከምድጃ አመድ ተዝቆ፣ ሎሚ ተጨምቆ፣ ኮልጌትና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ቀርቦ፣ ጉልበት ያለው የቤቱ ልጅ ተመርጦ፣ የማርያ ቴሬዛ ፊት እንደ ድግስ ሳህን እስኪያበራ ድረስ ይታሻል። ሲያልቅ ሁሉም ደስ ይለዋል። "ይኸው፣ አዲስ ሆነ!" ይባላል። አዲስ አልሆነም። ስንት ዘመን ከገበያ ገበያ፣ ከኪስ ኪስ ሲዞር ያልደረሰበትን ጉዳት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተቀበለ እንጂ። አጥቦ ጭቃ የሚባለው ይኸው ነው።

ነገሩ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ አሮጌ የብር ሳንቲምን "ለገዢ እንዲያምር" ብሎ ማጽዳት ዋጋውን አያወጣም፤ ያወርዳል። የሚያወርደውም በጥቂቱ አይደለም። ሰብሳቢ ለታሪኩ፣ ለዓመቱና ለመልኩ ሊከፍልበት ይችል የነበረ ሳንቲም፣ ከተፈገፈገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአንጥረኛ ሚዛን ላይ የሚወጣ ተራ ብረት ይሆናል። ጉዳቱ ደግሞ አይመለስም። የተቀደደ ይሰፋል፤ የተሰበረ ይበየዳል፤ የተፋቀ የሳንቲም ፊት ግን የትም አገር ያለ ባለሙያ አይመልሰውም።

ይህን የሚያባብሰው የስልኩ ገበያ ነው። በቲክቶክና በቴሌግራም "የድሮ ብር እንገዛለን" የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ጥቁር ጠገራ ይዘው ይጀምራሉ፤ ነጭ ነገር ይቀቡታል፤ ይፈትጉታል፤ ከዚያ ሙዚቃው ከፍ ይልና የሚያብረቀርቅ ብር ወደ ካሜራው ይመጣል። ተመልካች "ዋው" ይላል። ያየ ሁሉ ደግሞ ወደ እናቱ ሣጥን ይሮጣል። ቪዲዮው ያላሳየው ሳንቲሙ ከዚያ በኋላ በስንት እንደተሸጠ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ነገር እንምጣ፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ጥቁሩን "ቆሻሻ" ከማለት ነው። ብር ከድኝ ጋር ይስማማል። በአየር ውስጥ ካለችው ጥቂት ድኝ አዘል ጋዝ፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ከላስቲክ፣ ከእንቁላልና ከመሳሰለው ምግብ የሚመጣው ድኝ ከብሩ ፊት ጋር ተዋህዶ የብር ሰልፋይድ የሚባል እጅግ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ መጀመሪያ ወርቃማ ይመስላል፤ ሲቆይ ቡናማና ሰማያዊ ይሆናል፤ በመጨረሻም ይጠቁራል። ልብ መባል ያለበት ሽፋኑ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ አለመሆኑ ነው። ከራሱ ከብሩ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን መፋቅ ማለት የላይኛውን የብር ቆዳ አብሮ መፋቅ ነው። አቧራ ከጠረጴዛ ላይ እንደማንሳት የሚያስብ ሰው ቆዳ እየገፈፈ መሆኑን አያውቅም።

አመዱ ምን ያደርጋል? በውስጡ ደቃቅ ጠንካራ ቅንጣት አለ። ኮልጌቱም ያው ነው፤ የጥርስ ሳሙና የሚያጸዳው በውስጡ ባለ ዱቄት እየፈተገ ነው። ያ ዱቄት ለጥርስ ተብሎ የተመጠነ ነው፤ ብር ደግሞ ከጥርስ ሽፋን በጣም ይለሰልሳል። ከታጠበ በኋላ ሳንቲሙን ብርሃን ላይ አዘንብሎ ላየው በሺህ የሚቆጠር እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ ይታያል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የተጠቀመ ካለማ ለማየት ማዘንበልም አያስፈልግም።

ሎሚስ? ሎሚ አይቧጭርም፤ ይበላል እንጂ። ጠገራ ብር ንጹሕ ብር አይደለም። የማርያ ቴሬዛው ከአንድ ሺህ እጅ 833 ያህሉ ብር ነው፤ የቀረው ግን በአብዛኛው መዳብ ነው። አሲድ የሚያጠቃው መዳቡን ነው። ከብሩ መሃል መዳቡ ሲበላ ፊቱ ሞቶ፣ ነጣ ብሎ፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ ቀዳዳ ቀዳዳ መስሎ ይቀራል። በረኪና ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ክሎሪኑ ከብሩ ጋር ተዋህዶ ሌላ ዓይነት ጥቁረት ያመጣል። አሁን አሁን የመጣው የአልሙኒየም ፎይልና የሶዳ ዘዴ "አይቧጭርም፣ ሳይንሳዊ ነው" እየተባለ ይወደሳል። እርግጥ ነው አይቧጭርም። ሰልፋይዱን መልሶ ብር ያደርገዋል፤ ነገር ግን የተመለሰው ብር እንደ ስፖንጅ ሆኖ የሚቀመጥ ነው እንጂ የቀድሞው ፊት አይደለም።

የቀድሞው ፊት ምን ነበረው? ወዝ ነበረው። ሳንቲም ሲመታ የብሩ ዝርግ በሁለት የብረት ማተሚያዎች መካከል በከባድ ኃይል ይጨመቃል። ብሩም ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል፤ ሲፈስም በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን መስመሮች ይተዋል። አዲስ ሳንቲም በእጅ ሲዘወር ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ሲሽከረከር የሚታየው ከእነዚህ መስመሮች የተነሳ ነው። የሳንቲም ዓለም የሚከፍለው ለዚህ ወዝ ነው። በስስ ጥቁር ሽፋን ሥር ወዙ ሳይነካ ለመቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ብሩሹ ሲመጣ ግን አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ማብረቅረቅ የወዝ ሳይሆን የጭረት ማብረቅረቅ ነው። ያልለመደ ዓይን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የለመደ ዓይን ግን ገና ሳይነካው ይለያቸዋል።

ውጭ አገር ያለው ገበያ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። በ1949 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ለአገሩ አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ አወጣ። 70 እንከን የለሽ ነው፤ 1 ደግሞ ምን እንደሆነ ለመለየት ብቻ የሚበቃ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ተቋቁመው በዚሁ መለኪያ ሳንቲም እየመረመሩ፣ በግልጽ ጠንካራ ማሸጊያ ውስጥ አሽገው ደረጃውን መጻፍ ጀመሩ። ጥቁር ሳንቲም ይዞ የሄደ ሰው ደህና ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ፈግፍጎ የሄደ ግን ብዙውን ጊዜ ቁጥር አያገኝም፤ በቁጥሩ ፋንታ "ተጸድቷል" የሚል ቃል ይጻፍበታል። ያ ቃል ከሳንቲሙ ጋር ለዘላለም ይኖራል። ብርቅ በሆነ ሳንቲም ላይ በዚያ ቃልና በቁጥሩ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጥፍ ድርብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞው መልስ የሚገባው ነው። "ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው። እዚህ አገር ሰው የሚወደው ነጭ ብር ነው። መስቀሉም፣ ድሪውም፣ አልቦውም ለበዓል ታጥቦ ነው የሚወጣው" የሚሉ አሉ። ስለ መስቀሉና ስለ ድሪው ያሉት ልክ ነው። መስቀል የአገልግሎት ዕቃ ነው፤ ጌጥም ሊደረግበት የተሠራ ነው። ስለ ሳንቲሙ ያሉት ግን የአያቶቻቸውን ታሪክ አለማወቅ ነው። ሳንቲምን በመልኩ መርምሮ ደረጃ መስጠት ከፈረንጅ የመጣ ትምህርት ቢሆን ኖሮ የበጌምድር ገበያ ሼልደን ከመወለዱ በፊት ባላወቀው ነበር።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሯ ግን አልሞተም። በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ደጋ ነጋዴው ሌላ ብር አልቀበልም ስላለ፣ ያው መልክ፣ ያው 1780 የሚለው ዓመት እንደተጻፈበት ዘመን ተሻግሮ ሲመታ ኖረ። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 እ.ኤ.አ. ከመገበያያነት ካወጣችው በኋላ እንኳ ለእኛ ገበያ መምታቷን አልተወችም። ለምን? የይፋግ፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር ገበያተኛ ሳንቲሙን በስሙ ብቻ ስለማይቀበል ነው። ያገላብጠዋል። በራሷ ላይ ያለውን ጌጥና በትከሻዋ ላይ ያለውን ማያያዣ አይቶ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል። ከጡቷ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች ይፈልጋል። ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፤ ጠርዙ ላይ የንግሥቲቱ መፈክር የሆነው "ፍትሕና ምሕረት" በላቲን በጎባጣ ፊደል ተጽፏልና። ፊደል ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ሁሉ በዓይኑና በጣቱ ያነባል። ዕንቁው የተፋቀ ከሆነ "ይሄ ተበልቷል" ብሎ ይመልሰዋል ወይም ቀንሶ ይቀበለዋል።

የውጭ ተጓዦች በዚህ ነገር ተማርረው ጽፈዋል፤ ሕዝቡን ግትር አድርገው የገለጹት ጥቂት አይደሉም። ግትርነት አልነበረም። የዋጋ ፖሊስ በሌለበት አገር የሳንቲም ምርመራ ማለት እሱ ነበር። እንግሊዞች በ1867 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲዘምቱ ከዙላ እስከ መቅደላ ለእህልና ለከብት የሚከፍሉት ሌላ ገንዘብ እንደማይሠራ ስላወቁ፣ በቪየና አዲስ ማርያ ቴሬዛ እስከማስመታት ደርሰዋል። ዓለምን የገዛ መንግሥት የኢትዮጵያን ገበሬ ምርጫ አክብሮ ብር አሠራ ማለት ነው። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በገዛ እጃቸው ዕንቁዎቹን በአመድ እየፋቁ ነው።

ከዚያ የባሰው የሚከተለው ነው። ማርያ ቴሬዛ ሁሉ አንድ አይደለም። የቪየናው አለ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታው አለ። እሱን ለመቋቋም ለንደን በሚቀጥለው ዓመት መምታት ጀመረች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይም መትተዋል። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። ታዲያ በምን ይለያል? በንስሩ ጭራ ላባ ቁጥር፣ በዕንቁዎቹ አቀማመጥ፣ በፊደሎቹ ቅርጽ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ባለችው ትንሽ የተጋደመች መስቀል፣ በጠርዙ ጌጥ። ይህ ሁሉ ከፀጉር የማይወፍር ዝርዝር ነው። የጥርስ ብሩሽ ቀድሞ የሚያገኘውም ከፍ ብሎ የወጣውን ነው፤ ፀጉሯን፣ ሻሿን፣ ዕንቁዋን፣ የንስሩን ደረት። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በቪየና ተመትቶ በግመል የመጣ ብርና ከሃምሳ ዓመት በፊት ለማስታወሻ የተመታ ብር ከተፈገፈጉ በኋላ አንድ ይሆናሉ። ባለቤቱ ማስረጃውን በገዛ እጁ አጠፋው።

የምኒልክ ብር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ያወጁት በ1885 ዓ.ም. ነው፤ ፓሪስ ተመትቶ የመጣው የመጀመሪያው ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1887 ነው። ከአንዱ ብር ጋር አላዱ፣ ሩቡና ትናንሾቹም መጡ። ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛው ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ወደ 28 ግራም ሆኖ ነው የተሠራው። ሆኖም በተለይ በሰሜኑ ክፍል ገበያተኛው የለመዳትን ሴትዮ መተው ለረጅም ጊዜ እምቢ ብሏል። በምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው። የ1887ቱ ፲፰፻፹፯ ይላል፤ የ1889ኙ ፲፰፻፹፱ ይላል። የመጀመሪያው በጣም ጥቂት ነው የተመታው፤ ሁለተኛው ብዙ ነው። በሰብሳቢ ዘንድ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የተንጠለጠለው በ፯ እና በ፱ መካከል ባለ ስንጥር በምታክል መስመር ላይ ነው። ኮልጌቱ ያቺን መስመር አይምርም።

ስለ ምኒልክ ብር ሌላ በሽታም አለ፤ "አንዱ ሚሊዮን ያወጣል" የሚለው ወሬ። ወሬው ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱም ከጽዳቱ ጋር ይገናኛል። ሚሊዮን ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው ነው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትግ የሚያድረው። ብሩ ደህና ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ዋጋ ግን ለመልኩ እንጂ ለስሙ የሚከፈል አይደለም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ የሚጠቀም ሰው የለም? አለ። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ደላላ መካነ ኢየሱስ ወርዶ ከአንዲት አሮጊት ደጃፍ ቆመ እንበል። ስምንት ጠገራ ያሳዩታል። አንዷን አንስቶ ያገላብጣታል። "እማማ፣ ይሄ እኮ ጠቁሯል፤ ብር መሆኑንም እንጃ። እስኪ ትንሽ ያሹልኝና ሳምንት መጥቼ ልየው" ይላል። እማማም ልጃቸውን ጠርተው ሁሉንም ያሳሻሉ። ሳምንት ይመጣል። አሁን ፊቱ ይቀየራል፦ "ውይ እማማ፣ ታጥቧል እኮ! የታጠበ አይፈለግም፤ በግራም ከሆነ ልውሰደው።" ይህን ዓይነት ሰው ሌባ ብሎ መጥራት ይቀላል፤ ግን እጁን ሰድዶ የወሰደው ነገር የለም። ዋጋውን ያወረዱለት ባለቤቶቹ ናቸው። እሱ ያደረገው ስምንቱን ከማሳሸቱ በፊት የተሻሉትን በዓይኑ መለየት ነው፤ ምናልባትም ሳይታሹ ሁለቱን "ለናሙና" ይዞ ሄዷል።

ያ "በግራም" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እማማ ሊያውቁ ይገባል። አንድ ማርያ ቴሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። ከዚህ በታች የሚከፍል ሰው ሳንቲም እየገዛ አይደለም፤ ብርም በትክክል እየገዛ አይደለም። ይህ ከሁሉ ዝቅተኛው ወለል ነው። ሳንቲሙን አለመፈግፈግ ከወለሉ በላይ ያለውን ዕድል አለመዝጋት ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።

አንጥረኛውን ግን በዚህ ክስ ውስጥ ማስገባት ግፍ ነው። ጠገራ ብር በጎንደርም በሌላውም ደጋ ለዘመናት የአንጥረኛ ጥሬ ዕቃ ነበር። የአያት ድሪ፣ የአንገት መስቀል፣ የእግር አልቦ ሲቀልጥ ከኖረው ጠገራ የተሠራ ነው። ብሩን ያቀለጠው ሰው ሳንቲም ነኝ ብሎ አልሸጠም፤ ሌላ ቆንጆ ነገር ሠርቶበታል። ማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶበት በአንገት የተንጠለጠለ ጠገራም እንዲሁ ነው። ለሳንቲም ሰብሳቢ ደረጃው ወድቋል፤ ለጌጥ ሰብሳቢ ግን የራሱ ወግ ያለው ዕቃ ነው። ጆሮውን ነቅሎ፣ ጠባሳውን ሞርዶ "ሳንቲም ነው" ማለት ሁለቱንም ማጥፋት ነው።

ለተቃራኒው ወገን መሰጠት ያለበትም ይሰጠው። እጅግ ያለቀ፣ ፊቷ እንኳ የማይለይ ማርያ ቴሬዛ ቢታጠብ የሚያጣው ብዙ አይደለም፤ መጀመሪያም ዋጋው የብሩ ዋጋ ነው። በቅርብ ዘመን የተመታውም ያው ነው። ክርክሩ የሚያዝበት ቦታ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የቱ ያለቀ፣ የቱ የቅርብ፣ የቱ የጥንት እንደሆነ የሚታወቀው ሳይታጠብ ተመርምሮ ነው። አስቀድሞ አጥቦ "ለካ ተራ ነበር" ማለት በሽተኛውን ቀብሮ ሐኪም እንደመጥራት ነው። ተራ ሆኖ ተገኘ ወይስ ሲታጠብ ተራ ሆነ? ማንም አያውቅም።

ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ፣ ጭቃ የያዘ ብርስ? ጭቃ በእርግጥ ቆሻሻ ነው። በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፍ፤ አስፈላጊ ከሆነ በጣም ትንሽ ለስላሳ ሳሙና ይጨመር፤ ጭቃው በራሱ ጊዜ ይልቀቅ። ሲወጣ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እየተደረገ ውኃው ይጠጣ እንጂ አይታሽ። አሸዋ የያዘ ጭቃ በጨርቅ ከታሸ ከአመድ አይለይምና። አረንጓዴ ዝገት ካለው፣ እሱ ከመዳቡ የሚወጣ ነው፤ በቤት ውስጥ ባይነካ ይሻላል። ሙዚየም ውስጥ ያሉ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች በማጉያ መነጽር ሥር፣ ነጥብ በነጥብ የሚሠሩት ሥራ ነው። እነሱም ቢሆኑ ዓላማቸው ማብረቅረቅ ሳይሆን የሚበላውን ነገር ማስቆም ነው።

"ብር መሆኑን ለማወቅ ትንሽ መፋቅ አለበት" የሚለውም ሰበብ ነው። ትክክለኛ ጠገራ ማግኔት አይዘውም። በወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ወደ 28 ግራም ይመጣል፤ ስፋቱም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ፈተና ደግሞ ክብደቱና ስፋቱ አንድ ላይ መስማማታቸው ነው፤ ከርካሽ ብረት የተሠራ ሐሰተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ላይ ይወድቃል። በጣት ጫፍ ሚዛኑን ጠብቆ በእንጨት ቀስ ተደርጎ ሲመታ የሚሰጠው ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ ሌላው ምስክር ነው። የድሮዎቹ ድንጋይ ላይ ይጥሉት ነበር፤ ያንን አሁን መድገም አያስፈልግም። ከዚህ ሁሉ አንዱም ፍቆ ማየት አይጠይቅም።

ነገሩ በጠገራ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም መትታለች። ከብርና ከነሐሱ አንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ስስ የወርቅ ቅብ አለ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ በሌላ አገር ሳንቲም ላይ ብርቅ ነው። ገበሬ ሲያርስ ወይም ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ እንዲህ ያለ ሳንቲም ይወጣል። ጥቁር፣ ትንሽ፣ የማያምር ነገር ነው። አንድ ጊዜ በሎሚና በአመድ ከታሸ ያ የወርቅ ቅብ ተመልሶ አይገኝም። እንዲህ ያለው ደግሞ የግለሰብ ኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ሳንቲሙን ከተገኘበት አፈር ለይቶ፣ አጥቦ፣ አዲስ አበባ ልኮ የሸጠ ሰው ገንዘቡን ቢያገኝ እንኳ የትኛው መንደር፣ የትኛው ጉብታ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚናገረውን ጠፍ አፈር አብሮ አጥቦታል።

የንጉሡ ዘመን የብር ሃምሳ ሳንቲምም በዚሁ መንገድ እያለቀ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ትናንሾቹ ሳንቲሞች ከመዳብ፣ ሃምሳው ግን ከብር ነበር የተሠራው፤ ጠገራ የለመደ ሰው ብር ካላየ አያምንምና። ዛሬ እሱም በየሣጥኑ ጠቁሮ ተቀምጧል፤ በየሣጥኑም ብሩሽ እየጠበቀው ነው።

ለእማማ ልጅ የሚቀረው ሥራ ብዙ አይደለም። እጁን ታጥቦ ያድርቅ። ሳንቲሞቹን በፊታቸው ሳይሆን በጠርዛቸው ይያዝ። በመስኮት ብርሃን ሁለቱንም ፊትና ጠርዛቸውን ፎቶ ያንሳ። ከላስቲክና ከለስላሳ ፕላስቲክ ያውጣቸው፤ እርስ በእርስ እንዳይፋጩ እያንዳንዱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለየብቻ ይጠቅልል። ዓመቱን ያንብብ፤ የምኒልኩ ከሆነ የመጨረሻዋን የግዕዝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይያት። ማርያ ቴሬዛ ከሆነች ዕንቁዎቹን እንደ ቅድመ አያቱ ይቁጠር። ከዚያ ከአንድ ሳይሆን ከሦስት ሰው ዋጋ ይጠይቅ፤ "ትንሽ አሹልኝ" ያለውን ከዝርዝሩ ያውጣው። የጥርስ ብሩሹም ወደ ቦታው ይመለስ።